የዘይነባ ንቦችና የእኔ ፓምፕ

ወልድያ ውስጥ በአባቴ ስም የሚያውቀኝ ሰው ጥቂት ነው። «ሞላ ትኋን» ካላችሁ ግን የትኛውም ባጃጅ ደጄ ድረስ ያደርሳችኋል። ሚስቴ ስሙ ሲወጣ ተናዳ ነበር፤ ኋላ ራሷም ስትቆጣ በዚያው ትጠራኝ ጀመር። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ቤት እየገባሁ ትኋን፣ ቁንጫ፣ በረሮ፣ ምስጥ፣ አይጥና ጊንጥ ሳባርር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ፓምፑን ለንብረት ክፍል አስረከብኩ፣ ሦስት ቦታ ፈረምኩ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ አጨበጨቡልኝ። የፓምፑ ማንገቻ ትከሻዬ ላይ የተወውን ጠባሳ ግን የሚረከበኝ ክፍል አልነበረም።

ሰው ጡረታ ሲወጣ የሠራውን መልካም ነገር እንዲጽፍ ይጠበቃል። እኔ መልካሙንም እጽፋለሁ፤ መጥፎውን ግን አልዘለውም።

የጀመርኩት ሐራ ላይ ነው፤ በቀን ሠራተኝነት፣ በወባ ርጭት። የተጠየቅኩት ፓምፕ የሚሸከም ትከሻ ብቻ ነበር። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል። የቡድናችን መሪ ጋሽ ይማም የሚባሉ የዚያው የሐራ ሰው ነበሩ፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ጠጋ ካላሉ የማይሰሙ። ብዙ ወር ፓምፕ አላስነኩኝም። «መጀመሪያ ቤት ማየት ተማር» አሉኝ። እኔ ደግሞ ለጓደኞቼ «ቤት ማየት ምን ትምህርት አለው? ይኸው ቤቱ፣ ይኸው በሩ» እያልኩ አሾፍኩባቸው። ወጣት ነበርኩ፣ ምን አውቃለሁ።

ጋሽ ይማም ሰው ቤት ሲደርሱ ሰላምታ ሰጥተው «ግቡ» ሲባሉ አይገቡም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቤቱን በውጭ ይዞሩታል። ግድግዳው የተሰነጠቀበትን፣ ክዳኑ የላላበትን፣ ውሃ የሚደፋበትን ያያሉ። አንድ ቦታ ላይ ቆመው ዝም ብለው ግድግዳ የሚያዩበት ጊዜ አለ፤ ባለቤቶቹ ግራ ይጋባሉ። «የሚገባና የሚወጣውን ሳታይ አትርጭ» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ገብተው ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ አይንቀሳቀሱም። ቀጥለው የተሰቀለውን ሁሉ ያነሣሉ፤ ስልቻውን፣ ሰሌኑን፣ ካላንደሩን፣ የሰርግ ፎቶውን። የሚጠይቁትም ሴቲቱን ነው። «ወንድ ከቤቱ የሚያውቀው አልጋውን ነው» ይላሉ፤ ባልየው አጠገባቸው ቆሞ እየሰማ።

በሥራው ላይ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር ስለ ውሃ ነበር። ሰው ተባይ ቤቱ የሚገባው ለምግብ ይመስለዋል። ደጋ ላይ እንደዚያ ይሆን ይሆናል። ሐራና ሀብሩ ግን ቆላ ነው፤ በበጋ መሬቱ ሲሰነጠቅ ነፍስ ያለው ሁሉ የሚፈልገው እርጥበት ነው። በረሮ የእጅ መታጠቢያው ሥር ነው፤ ጊንጥ ጄሪካኑ ሥር ነው፤ ምስጥ እንኳ ምሰሶውን የሚይዘው የዕቃ እጣቢ በሚደፋበት በኩል ነው። ጋሽ ይማም ሲመሽ አንድ ጆንያ በውሃ ነክረው መሬት ላይ አንጥፈው ይሄዳሉ። ጠዋት መጥተው በእንጨት ሲገልጡት የቤቱ ጉድ ሁሉ ከሥሩ ይገኛል። አንድ ጊዜ አራት ጊንጥ ከአንድ ጆንያ ሥር ወጣ፤ ባለቤቲቱ «አጃኢብ! ከነዚህ ጋር ነው የተኛሁት?» ብለው እዚያው ቁጭ አሉ። መድኃኒት አልረጨንላቸውም። ጄሪካኑን በርጩማ ላይ አስቀመጥነው፣ የሚያንጠባጥበውን ክዳን ቀየርነው፣ ጫማ ሳይራገፍ እንዳይደረግ ነገርናቸው፣ በቃ።

አፍንጫም ተማርኩ። ትኋን የበዛበት ክፍል ድንብላል ድንብላል ይላል፤ ወጥ ሳይሠራ ድንብላል ከሸተታችሁ ፍራሹን ገልብጡ። ጆሮም ተማርኩ። ምሰሶ በጣት ሲንኳኳ ጤነኛው ይመልሳል፣ ምስጥ የጨረሰው እንደ ደረቀ ቅል ነው። የአገሩ ዘዴም ያልናቅኩት ብዙ ነው፤ አመድ ምሰሶ ሥር፣ የኒም ቅጠል ማሽላ ውስጥ። የናቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ለእርሻ የተገዛ ማላታይን አምጥቶ ሕፃን የተኛበት አልጋ ላይ መርጨት። እረ በሕግ አምላክ! ይህን ያደረገ ሰው ሳይ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ጋሽ ይማምና እኔ ከወባው ሥራ ወደ መርሳ ተዛወርን፤ የቤት ለቤት ተባይ ማጥፋትና የንጽሕና ትምህርት። ወልድያም እየተጠራን እንሠራ ነበር። ቅጽል ስሜን ያተረፍኩት እዚያ ነው። መናኸሪያ አጠገብ አንድ የፔንሲዮን ባለቤት ፍራሾቹን ሁለት ጊዜ አቃጥሎ ሁለት ጊዜ አዲስ ገዝቶ ትኋኑ አልለቅ አለው። «እንግዳ ነው የሚያመጣብኝ፤ ከየሀገሩ ይዘውት ይመጣሉ» ይላል። ክፍሎቹን አየሁ፣ ሶኬቱን ፈታሁ፣ የአልጋውን ብሎን ፈታሁ፤ ያለው ጥቂት ነው። ስወጣ ድንብላሉ እንግዳ መቀበያው ላይ ጠነከረብኝ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ቁልፍ የሚያድልበትን ትልቅ ሶፋ «እስቲ ይነሡልኝ» አልኩት። ስንገለብጠው ሥሩ በትኋን ጠቁሯል። ለእንግዳው ሁሉ ሲያከፋፍል የኖረው የራሱ መቀመጫ ነበር። ሊከፍል የመጣ ደንበኛ ፊት አፍሮ «ውጣልኝ አንተ ሞላ ትኋን!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሳቀ፣ ስሙ ተጣበቀ።

አለቆች ብዙ አሳልፌያለሁ። አንዱ በረሮ ሲያይ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣ ነበር፤ እሱን ወደድኩት፣ ቢያንስ ሥራችን አስፈላጊ መሆኑ ይገባዋል። ሌላው ለዕቅድ የሚኖር ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ የተረጨው ቤት ብዛት ወረቀቱ ላይ ካልሞላ ፊቱ ይጠቁራል። ቤቱ ውስጥ ትኋን ቀረ አልቀረ አይጠይቅም። ጋሽ ይማምን «እርጅና ነው የሚያዘገያቸው» ብሎ ከኋላቸው ያማቸው ነበር። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አንዳንዴ አብሬው ስቄያለሁ።

አሁን የምጽፈው በዚያ አለቃ ጊዜ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሆነ ነው። ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም።

ከመርሳ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ መንደር አለ፤ ስሙን አልጽፍም። ሙስሊምና ክርስቲያን አጥር ለአጥር የሚኖሩበት፣ ማሽላና ማሾ የሚዘሩበት መንደር ነው። በዚያ በጋ ትኋንና ቁንጫ ሰዉን ደጅ አሳድሮት ነበር። አለቃችን በአራት ቀን ጨርሳችሁ ተመለሱ አለ። ጋሽ ይማም ታመው ሐራ ቤታቸው ተኝተዋል፤ መሪው እኔ ሆንኩ። በአራተኛው ቀን ፀሐይ ስታዘነብል እትዬ ዘይነባ ቤት ደረስኩ፤ ከሳቸው ወዲያ ገና አራት ቤት ይቀረኛል።

እትዬ ዘይነባ ባላቸው ሞተውባቸው አንዲት ልጃቸውን ሉባባን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ዕቃቸውን ሁሉ አውጥተው ደጅ ደርድረው ጠበቁኝ።

«ሌላ የቀረ ነገር አለ ወይ? ነፍስ ያለው፣ ዶሮ፣ ድመት?» አልኳቸው።

«የለም ጋሼ፣ ሁሉንም አውጥቻለሁ።»

እንዲህ ሲሉ ዓይናቸው ወደ ጓዳው ሄዶ ተመለሰ። አየሁት። አላየሁም ብል ይቀለኝ ነበር፣ ግን አይቻለሁ። ቤቱን በውጭ አልዞርኩም። ጓዳው ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ሰሌን ተሰቅሏል፤ አላነሣሁትም። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ረጨሁት፣ ሰሌኑንም አጥግቤ ረጨሁት፣ ወጣሁ። ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ ይላሉ፤ የኔም ሥራ የዚያን ቀን እንደዚያ ነበር።

ከሰሌኑ ጀርባ ሦስት ቀፎ ንብ ነበር። በዚያ መንደር ንብ ያለው ሰው ቀፎውን ግድግዳው ውስጥ ያስገባዋል፤ ንቦቹ የሚወጡበት አፉ ወደ ውጭ ነው፣ ማር የሚቆረጥበት ጀርባው ወደ ጓዳ ነው። ንብ እንዳለው ደግሞ ለእንግዳ አይናገርም። ንብ አይቆጠርም፣ አይወደስም፣ የሰው ዓይን ያርፍበታል ተብሎ ይፈራል። እትዬ ዘይነባ «የለም» ያሉኝ ለዚህ ነው። ሊዋሹኝ አልነበረም፤ ልማዱ ነው፤ እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝና አውቀዋለሁ። ጋሽ ይማም ቤት በውጭ የሚዞሩት ሰው በአፉ የማይናገረውን ግድግዳው ስለሚያሳያቸው ነው። ዞሬ ቢሆን ኖሮ ሦስቱን ቀዳዳ አይ ነበር፣ ንቡ ሲገባ ሲወጣ አይ ነበር።

ከረጨሁ በአራተኛው ቀን መድኃኒቱ እንዴት እንደሠራ ለማየት ተመለስኩ። እትዬ ዘይነባ ከቤታቸው ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከግድግዳው ሥር መሬቱ በሞተ ንብ ተሸፍኗል። ማሩ መተዳደሪያቸው ነበር፤ መሬታቸውን የእኩል ነው የሚያሳርሱት፣ የሉባባ ትምህርት ከዚያ ማር ነው የሚወጣው።

«ጋሽ ሞላ» አሉኝ፣ «አንቱ የመድኃኒት ሰው ነዎት። ምን ነካብኝ?»

አንዷን አነሣሁ። ምላሷ ወጥቷል። ሌላዋን አነሣሁ፤ ምላሷ ወጥቷል። ዕድሜዋን ጨርሳ የሞተች ንብ ምላሷን ሰብስባ ነው የምትሞት፤ እንዲህ አውጥታ የምትሞተው መድኃኒት የነካት ናት። ይህንንም ያስተማሩኝ ጋሽ ይማም ናቸው። መዳፌ ላይ ስንት እንዳነሣሁ አላውቅም፤ ሁሏም ያው ናት።

«እንጃ» አልኩ። «በሽታ ይሆናል። ዘንድሮ የንብ በሽታ ገብቷል ሲባል ሰምቻለሁ።»

አልሰማሁም ነበር። «እኔ ነኝ ብል መንደሩ በሩን ይዘጋብናል፣ ሥራው ይበላሻል» እያልኩ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ኤዲያ! ፈርቼ ነው። የአንዲት ባልቴት መተዳደሪያ ፈጅቼ ፊቷ ቆሜ «እኔ ነኝ» ማለት አፍሬ ነው።

እትዬ ዘይነባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሽታስ አይደለም። ማን እንዳየብኝ እኔ አውቃለሁ።»

ከእኛ መምጣት ሦስት ቀን በፊት ጎረቤታቸው እትዬ ፀሐይ ወንፊት ሊዋሱ ጓዳ ድረስ ገብተዋል። ሰሌኑ ተነሥቶ ነበር። ቀፎዎቹን አይተው «አቤት ንብሽ! እንዴት ሞልቶልሻል!» ብለው ወንፊቱን ይዘው ወጡ። ማሻአላህ አላሉም፣ እትፍ እትፍ አላሉም። ረስተው ነው፤ የቤተሰብ ያህል ናቸው፣ ማን በገዛ ቤቱ ይጠነቀቃል። እትዬ ዘይነባ ሉባባን ሲወልዱ ወተት እንቢ ብሏቸው ልጅቱን ሁለት ወር ሙሉ ያጠቡላቸው እትዬ ፀሐይ ናቸው። ፋሲካም ይምጣ ዒድ፣ አጥሩ ላይ በተከፈተች ጠባብ ማለፊያ ሲመላለሱ የኖሩ ሴቶች ናቸው።

«እትዬ ፀሐይ እንዲህ አያደርጉም» አልኩ።

«አንቱ ምን ያውቃሉ?» አሉኝ።

ምን እንደማውቅ መናገር ያለብኝ ያን ጊዜ ነበር። ዝም ብዬ ወደ መርሳ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሐራ ሄጄ ለጋሽ ይማም ነገርኳቸው። አልጋቸው ላይ ተኝተው ሰሙኝ። አልተቆጡም። «ቤቱን ዞርከው?» አሉ። «አልዞርኩም።» «ሰሌኑን አነሣኸው?» «አላነሣሁትም።» «ነገ ጠዋት ሂድና ንገራት። ነገ ካልነገርካት አትነግራትም» አሉኝ።

በነጋታው አለቃችን ወደ ሌላ ቀበሌ ሰደደን። እምቢ ማለት እችል ነበር፣ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ጋሽ ይማም ተሽሏቸው ወደ ሥራ ሲመለሱ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ከዚያ ወዲያ ቤት በውጭ ሳልዞር ገብቼ አላውቅም። ስዞር እሳቸው ቆመው ያዩኛል፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ። መቃብራቸው ላይ አፈር ካለበሱት አንዱ እኔ ነኝ፤ ያን ቀንም ያሰብኩት ያችኑ «ነገ» ነው።

ሥራው ቀጠለ። በረሮ በሸቀጥ ካርቶን ከከተማ ከተማ መጓዝ ጀመረ፤ ሱቆችን ካርቶኑን ደጅ እያራገፉ ያስገቡ ዘንድ ስንለምን ከረምን። ከጦርነቱ በኋላ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ አይጥ ቤቱን ወርሶ ጠበቀው፤ ከዚያ ዓመት የደከምኩበት ዓመት የለም። በመካከሉ ያችን መንደር በሥራ ምክንያት በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ እረግጣታለሁ። እትዬ ዘይነባ መልሰው ንብ አላኖሩም። ማለፊያዋ በእሾህ ተዘግታለች። «ፀሐይ ዓይኗ ከባድ ነው» የሚለው ወሬ ከአንድ ጓዳ ወጥቶ መንደሩን አዳርሷል። እሳቸው ሲያልፉ ወተት የሚንጡ ሴቶች ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሰርግ አይጠሩም። ማኅበራቸውን ራሳቸው ተዉት ተባለ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው፣ መሬት መሬት እያዩ «ደኅና ነህ ሞላ?» ብለው ያልፉኛል። «ደኅና ነኝ እትዬ ፀሐይ» እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደኅና ነኝ እያልኩ ኖርኩ።

ጡረታ ስወጣ መርሳ ላይ ትንሽ ሽኝት አደረጉልኝ። ሉባባም መጣች። ተምራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆናለች፤ የተመደበችውም እዚያው ተወልዳ ባደገችበት መንደር ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቶ ነበር። ሰዉ ሲበተን ወደ ጎን ጠራችኝ።

«ጋሽ ሞላ፣ እርስዎን ሰው ይሰማል፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። እትዬ ፀሐይን ሞራ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጋርዷቸዋል። በሚቀጥለው ወር ወልድያ የዓይን ሐኪሞች ይመጣሉ፣ በነፃ ነው። ስማቸውን ላስመዘግብ ብል አልሄድም አሉኝ። ካሁኑ ካለፋቸው መቼ እንደሚመጡ አይታወቅም።»

«ለምን አልሄድም አሉ?»

«‹እግዜር የጋረደው ለሰው አዝኖ ነው፤ ተዪው ይጥፋ፣ አንቺም ልትወልጂ ነው› አሉኝ። የእናቴን ንብ ነገር ያውቁት የለም? እኔ አላምንበትም። አጥብተው ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። ግን ምን ብዬ ላሳምናቸው?»

የሸለሙኝን ጋቢ ለብሼ ነበር፤ ሞቀኝ፣ አወለቅኩት። በነጋታው ጠዋት ወደ መንደሩ ሄድኩ።

በመጀመሪያ የሄድኩት እትዬ ዘይነባ ዘንድ ነው። «አሰላሙ አለይኩም፣ እንኳን ደኅና መጡ፣ ጡረታ ወጡ አሉኝ፣ ይግቡ» አሉኝ። አልገባሁም። ደጅ እንደቆምኩ ከፓምፑ ጀምሬ እስከ ንቧ ምላስ ድረስ ነገርኳቸው። ሳልቀንስ ነው የነገርኳቸው፤ ዓይናቸው ወደ ጓዳ ሄዶ መመለሱን ማየቴን ጭምር። ሲሰሙኝ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ስጨርስ፣ «እሷ አይደለችም?» አሉ።

«አይደሉም። እኔ ነኝ።»

«ያን ለታ ታውቅ ነበር? ንቧን አንስተህ ስታይ?»

«አውቅ ነበር።»

አንቱ ማለታቸው ቀርቶ አንተ ሆንኩ፤ ይገባኛል። «ያ አላህ! እኔኮ ስሟን አጠፋሁት» አሉ። «ለኔ አይደለም የምትነግረው። ተነሥ፣ ና!» ቆሜ ሳለ ነው ተነሥ ያሉኝ። ሻርፓቸውን እያስተካከሉ በመንገዱ ሳይሆን በአጥሩ በኩል ሄዱ። ማለፊያዋን የዘጋውን እሾህ በባዶ እጃቸው ይነቅሉ ጀመር። «ዱላ ላምጣ» ብል አልሰሙኝም። አብሬ ነቀልኩ። እጃችን ደማ፣ አለፍን።

እትዬ ፀሐይ በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ በጣታቸው ነው እንጂ በዓይናቸው አይደለም። ዓይናቸው መሐሉ ነጭ ሆኗል። ኮቴ ሰምተው ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ዘይነባ።»

እትዬ ፀሐይ ሰፌዱን ከጭናቸው አውርደው መሬት አስቀመጡት። እትዬ ዘይነባ ወደኔ ዞረው «ንገራት» አሉኝ።

ሁለተኛውን መንገር ከመጀመሪያው ይከብዳል። ነገርኳቸው። «እርስዎ አይደሉም እትዬ ፀሐይ፣ የኔ መድኃኒት ነው የፈጃቸው» ብዬ ጨረስኩ።

«እኔኮ አምኜ ነበር» አሉ እትዬ ፀሐይ፣ ድምፃቸው ሳይጨምር ሳይቀንስ። «መጀመሪያ በታቦት ማልኩ፣ አይደለሁም ብዬ። ኋላ ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ፣ ይሆናላ አልኩ። ሰው ሁሉ ተሳስቶ እኔ ብቻ ልክ ልሆን ነው? ጥጃ ሳይ ፊቴን አዞርኩ፣ ቡቃያ ሳይ ፊቴን አዞርኩ። ልጄ ከደሴ ልጆቹን ይዞ ሲመጣ ነጠላ ተከናንቤ ነው የምስማቸው። አንዱንም መልኩን አላውቀው።»

እትዬ ዘይነባ እግራቸው ላይ ወደቁ። «ፀሐይዬ፣ እኔ ነኝ ያልኩብሽ፣ በዚህ አፌ! አፉ በይኝ።» ያለቅሳሉ። እትዬ ፀሐይ እጃቸውን ዘርግተው የእትዬ ዘይነባን ራስ ዳሰሱ። «ተነሺ እስቲ፣ ምስሩን ትደፊዋለሽ» አሏቸው፤ ግን እጃቸውን አላነሡም።

ቀጥለው «አንተ ሞላ፣ ለምን ይህን ያህል ቆየህ?» አሉኝ።

«ፈራሁ።»

«ማንን?»

«እርስዎን። እናንተን።»

«አንተም ፈራኸኛ» አሉ። ይቅር ብየሃለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ የምጠይቅበት ፊት አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሄድ እትዬ ዘይነባን የማገኛቸው እትዬ ፀሐይ ደጅ ነው። ሐኪም ቤት ለመሄድ ግን እትዬ ፀሐይ ቶሎ እሺ አላሉም። አሥራ አንድ ዓመት ያመኑት ነገር በአንድ ጠዋት አይለቅም። «እውነቱንስ ሰማሁ፣ ሆዴ ግን አልሰማም» ይሉ ነበር። በመጨረሻ እትዬ ዘይነባ «ካልሄድሽ እኔም ቤቴ አልገባም» ብለው ደጃቸው ላይ ተቀመጡ፤ እሺ ያስባላቸው የሐኪም ምክር ሳይሆን ይኸው ነው። ሚኒባስ ይዘው ወልድያ መጡ፣ መናኸሪያ በባጃጅ ተቀበልኳቸው፣ አንደኛው ዓይናቸው ተሠራ።

በነጋታው ጠዋት ፋሻው ሲነሣ አግዳሚው ላይ አብሬ ተቀምጫለሁ። ሉባባም አርባዋን ጨርሳ ሕፃኗን ታቅፋ መጥታለች፤ የልጅቱን ፊት እንደ ወጉ በስስ ሻሽ ሸፍናዋለች። ነርሷ ፋሻውን አነሣች፣ ጠረገችላቸው፣ «ይክፈቱ እናቴ» አለች። እትዬ ፀሐይ አልከፈቱም።

«ፊቴ ማን አለ?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ዘይነባ።

ቀስ ብለው ከፈቱ። አዩዋቸው፣ ደግመው አዩዋቸው። «አርጅተሻል» አሉ። ነርሷ ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። በዚህ መሐል ሕፃኗ አነጠሰች። እትዬ ፀሐይ ድምፁን ሲሰሙ ደንግጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እጃቸውም ነጠላቸውን ሊስብ ሄደ። ሉባባ «እትዬ…» ብላ ቀረች።

እትዬ ዘይነባ ተነሥተው ሕፃኗን ከልጃቸው ክንድ ወሰዷት። ሻሹን ከፊቷ ላይ ገፈፉና እትዬ ፀሐይ ጭን ላይ አስቀመጧት።

«ፀሐይ ዙሪ። የጡት ልጅሽ ልጅ ናት፣ እዪያት።»

«ተይኝ ዘይነባ፣ ተይ እባክሽ…»

«ጠግበሽ እዪያት» አሉ እትዬ ዘይነባ።

እትዬ ፀሐይ አዩአት።